ምርቃቱን ማን ወሰደው?

ስለ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና ስለ ተንታኝነት ሙያ በሐዲያ ዞን፣ በባደዋቾ፣ በሾኔ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



ዛሬ ጠዋት ወደዚህ አዳራሽ የመጣሁት በገበያው በኩል ነው። አንዲት እናት በቆሎ እየሰፈሩ ሲሸጡ አየሁና ጥግ ይዤ ቆምሁ። ጣሳውን እስኪከመር ሞሉት፤ እንዳይፈስስ ጫፉን በመዳፋቸው ደግፈው በገዢው ከረጢት ገለበጡት። ከዚያ እንደ ደንባችን አንድ እፍኝ ዘግነው ምርቃት ጨመሩለት። የተቀበሉትን ብር በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩት። ጥቂት ቆይተው ወደ ሱቅ ገቡና አንድ ሊትር ዘይትና ሁለት ሳሙና ገዙ። ቋጠሮው ተፈታ፤ ብሩም አለቀ። ከዘይቱ ላይ ግን ጠብታ ምርቃት አልነበረም። ባለሱቁ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ዘይቱ በፋብሪካ ተለክቶ፣ ታሽጎ፣ ዋጋው ተቆርጦ የመጣ ነው፤ እሱም ምርቃት አላገኘበትም።

ይህች ትንሽ ነገር ትልቅ ጥያቄ አላት። ከመሬት ዝግጅት እስከ አጨዳ ወራት የለፋ ሰው፣ የመጨረሻዋን እፍኝ ሳይቀር ሰጥቶ፣ ለምን ባዶ መቀነት ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል? ስንፍና እንዳይባል፣ ከዶሮ ጩኸት በፊት የሚነሣ ሰው ነው። የመሬት ክፋት እንዳይባል፣ የባደዋቾን መሬት ታውቁታላችሁ። ታዲያ ምርቃቱን ማን ወሰደው?

ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በአማርኛ አንሥተው በአማርኛ መልስ የጻፉ ሰው ነበሩ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይባላሉ። ዛሬ በሬዲዮና በቴሌቪዥን «የፖለቲካና የኢኮኖሚ ተንታኝ» እየተባለ የሚቀርበው ሰው ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ እሳቸው በጠረጉት መንገድ ላይ ነው የሚሄደው። መተንተን ማለት የተጠላለፈውን ፈትቶ፣ ክሩን አንድ በአንድ ለይቶ ማሳየት ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ያገራችን አባባል የዚህን ሙያ ጠቅላላ ሕግ ይዟል። ስለዚህ ዛሬ የእኒህን ሰው የሥራ ሕይወት እንመልከት፤ ከዚያም እኛ ከተንታኝ ምን መጠየቅ እንዳለብን እንነጋገር።

ሐኪም ሊሆኑ ተምረው

ገብረ ሕይወት የተወለዱት በ1878 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ ነው። አባታቸው የአፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በወደቁበት በ1881 ዓ.ም. የመተማ ጦርነት እሳቸውም ወደቁ። ልጁ ገና ክፉና ደግ ሳይለይ ጦርነት አባቱን ወሰደበት። በኋላ ሰውየው ብዕር ሲያነሡ ጦርነትን የድህነት አባት አድርገው መጻፋቸው ከመጽሐፍ ብቻ የተማሩት አልነበረም።

በልጅነታቸው ምጽዋ አጠገብ ከነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያ የሆነውን ታሪክ ጸሐፊዎች እንዲህ ይተርኩታል፤ ከጓደኞቻቸው ጋር ወደቡ ላይ የቆመ መርከብ ሊያዩ ወጡ፤ መርከቡ ሲነሣም አብረው ሄዱ። ኦስትሪያ ደርሰው አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ተቀብሎ አሳደጋቸው፤ በኋላም በርሊን ሕክምና ተማሩ።

ይህ የሕክምና ትምህርት ለጽሑፋቸው ትልቅ ነገር አበርክቷል ብዬ አምናለሁ። ጥሩ ሐኪም ሕመምተኛው «ራሴን አመመኝ» ስላለ ብቻ የራስ ምታት መድኃኒት ሰጥቶ አይሸኘውም። ትኩሳቱን ይለካል፣ ምላሱን ያያል፣ «ምን በላህ? ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ገብረ ሕይወትም አገራቸውን የመረመሩት እንዲህ ነው። ድህነት ምልክት ነው አሉ፤ በሽታው ከሥሩ ነው።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ የአፄ ምኒልክ ዘመን ማምሻው ነበር። በቤተ መንግሥቱ በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ታመው አልጋ ሲይዙ ግን ቤተ መንግሥቱ የሽኩቻ ሜዳ ሆነ፤ ገብረ ሕይወትም ለጊዜው ከአገር መራቅ ግድ ሆነባቸው። ከሥልጣን አጠገብ የሚሠራ ጸሐፊ ዕጣው ይህ ነው። ዛሬ ይጠራል፣ ነገ ይገፋል። እሳቸው ግን ሲገፉ ዝም አላሉም።

የመጀመሪያው ትንታኔ

በ1904 ዓ.ም. «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተሰኘው ጽሑፋቸው አሥመራ ውስጥ «ብርሃን ይሁን» በተባለው መድበል ታተመ። የታተመበት ጊዜ አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ ገና ወጣት የነበሩበት፣ አገሪቱ ወዴት እንደምትሄድ ያልታወቀበት ጊዜ ነበር። ገብረ ሕይወት ያለፉትን ነገሥታት ሥራ ያለ ፍርሃት መረመሩ፤ የሚመሰገነውን አመሰገኑ፣ የሚነቀፈውን ነቀፉ። ከዚያ ለአዲሱ ገዢ መደረግ ያለበትን ዘረዘሩ። የንጉሡ የግል ሀብትና የመንግሥት ገንዘብ ይለይ፤ ግብር በልክ ተወስኖ በገንዘብ ይከፈል፤ የተጻፈ ሕግ ይውጣ፤ የጉምሩክ አሠራር ይስተካከል፤ ትምህርት ቤት ይከፈት፤ ማንም ሰው በሃይማኖቱ አይገደድ አሉ።

እስቲ እያንዳንዱን ነገር ከዚህ ከእኛ አገር አንጻር እንየው። ያ ጽሑፍ ሲወጣ የሐዲያና የከምባታ ገበሬ በገባርነት ሥርዓት ሥር ነበር። ከእህሉ ይሰጣል፣ ከማሩ ይሰጣል፣ ለመልከኛው ጉልበቱን ይሰጣል፤ ስንት እንደሚሰጥ ግን ልክ የለውም። ልክ የሌለው ግብር ገበሬውን ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል። መጀመሪያ ያለውን ይወስድበታል፤ ቀጥሎ «ብጨምርም ይወሰድብኛል» እያሰበ ጨምሮ እንዳያመርት ያደርገዋል። ገብረ ሕይወት ወታደሩ በገበሬው ጫንቃ የሚኖርበት ሥርዓት አገርን እንደሚያደኸይ ሲጽፉ፣ ሾኔን ባያዩዋትም የሾኔን አያት ቅድመ አያት ሕመም ነበር የጻፉት። የገባርነትና የጭሰኝነት ሥርዓት ሥሩ ተነቅሎ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው፤ ከጽሑፉ 63 ዓመት በኋላ። አስቡት፤ አንድ ትክክለኛ ትንታኔ ሰሚ እስኪያገኝ ሦስት ትውልድ ጠበቀ።

ስለ ሃይማኖትም ያሉት ቀላል ነገር አልነበረም። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ወንጌላዊው፣ ካቶሊኩ፣ ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ተቀምጦ ያዳምጣል። በዚያ ዘመን ይህን እንደ መንግሥት ሥርዓት አድርጎ መጠየቅ ድፍረት ነበር።

ከጉምሩክ በር ላይ የታየ አገር

በኋላ ገብረ ሕይወት የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ፤ የጉምሩኩ ኃላፊ ማለት ነው። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ነጋድራሱ በዚያ በር ላይ ሆነው የሚወጣውንና የሚገባውን ያዩ ነበር። የሚወጣው ቡና፣ ቆዳ፣ ሰም፣ የዝሆን ጥርስ ነው። የሚገባው አቡጀዲ፣ የጦር መሣሪያ፣ በፋብሪካ የተሠራ ዕቃ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር የጉምሩክ ሹመት የመብያ ሹመት ነበር። እሳቸው ግን በሩን እንደ መማሪያ ክፍል ተጠቀሙበት። ከዚያ ትምህርት የወጣው ዋና መጽሐፋቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ይባላል። መጽሐፉ የሀብት ሁሉ ምንጭ የሰው ድካም ነው ከሚል ሐሳብ ይነሣል። ወርቅም ሆነ ብር በራሱ አያጠግብም፤ ሀብት ማለት ሰው በዕውቀት ተረድቶ የሠራው ሥራ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ትልቁ ሐሳብ ይሄዳል፤ ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ፣ ዋጋው የተስማማ ቢመስልም የሚለዋወጡት ድካም እኩል አይደለም።

ሐሳቡን በራሴ ምሳሌ ላስረዳ። አንድ ኩንታል በቆሎ 3,000 ብር ነው እንበል፤ አንድ የእጅ ስልክ ደግሞ 12,000 ብር። ስልኩን የሚገዛው ገበሬ አራት ኩንታል ይሸጣል። አራቱ ኩንታል የስንት ቀን እርሻ፣ የስንት ቀን አረም፣ የስንት ሌሊት ጥበቃ ነው? ስልኩ ግን በማሽን ፊት ከተሰለፈ ሠራተኛ እጅ የወጣው በጥቂት ሰዓት ነው። በገበያው ላይ ማንም ማንንም አልሰረቀም፤ ዋጋው ተነግሮ ነው የተገዛው። ነገር ግን የገበሬው ቀናት ከሌላው ሰዓታት ጋር ተለወጡ። ልዩነቱ ነው ምርቃቱ! በየዓመቱ፣ በየጭነቱ፣ ሳናውቀው ለዓለም የምንመርቀው እፍኝ እርሱ ነው።

ይህ ሐሳብ በዓለም የኢኮኖሚ ትምህርት ዘንድ ታላቅ ስም ያገኘው አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ዚንገር እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ ጥሬ ዕቃ የሚሸጡ አገሮች ለምን ወደ ኋላ እንደሚቀሩ ሲጽፉ ነው። የእኛ ሰው ተቀራራቢውን ነገር በአማርኛ ጽፈው የጨረሱት ከእነሱ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ከዓድዋ ወይም ከባደዋቾ መንደር የተነሣ አእምሮ ያለበትን ኑሮ አጥብቆ ከመረመረ ለዓለም የሚሆን ሐሳብ ማውጣት እንደሚችል ተማሪዎቻችን እንዲያውቁ ነው።

ስለ ባቡሩም ያሰቡት ይኸው ነበር። መንገድ ብቻውን አያበለጽግም፤ የሚሠራ እጅና የሚያውቅ አእምሮ ከሌለ ባቡሩ ጥሬውን ፈጥኖ ያወጣል፣ የተሠራውን ፈጥኖ ያስገባል። የገንዘብ ነገርም ያሳስባቸው ነበር። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የሚተዳደር ነበር፤ በገበያው ደግሞ የማሪያ ቴሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። የገንዘቡ ልክ በእጁ ያልሆነ ሕዝብ የድካሙን ዋጋ ማወቅ ይቸግረዋል።

ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ሞቱ። ዕድሜያቸው 33 ነበር። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው። የአገሪቱን ሒሳብ የሠሩት ሰው መጽሐፋቸውን በእጃቸው ሳይዙ አለፉ። ይህ ነገር ባሰብሁት ቁጥር ያመኛል።

ጉድለታቸውን ስንናገር

ማመስገን ብቻ ትንታኔ አይሆንም፤ እሳቸውም አይወዱትም ነበር። ገብረ ሕይወት ተስፋቸውን የጣሉት ብልህ በሆነ ገዢ ላይ ነው። እንደ ጃፓን ከላይ የሚመጣ ሥልጣኔ አገሪቱን ያነሣታል ብለው አሰቡ። ገበሬው ራሱ ተሰብስቦ፣ ተመካክሮ «ይህ ይሁን፣ ይህ ይቅር» የሚልበት ቦታ በዕቅዳቸው ውስጥ ጎልቶ አይታይም።

ሌላም አለ። ዕውቀት ሲሉ አብዝተው ያዩት የአውሮፓን ነው። የሐዲያና የከምባታ እናቶች ግን እንሰትን ያውቃሉ። የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚሆን ይለያሉ። ዝናብ ሲጠፋ ቤተሰብ የሚያድነው ያ ለዓመታት በጓሮ ቆሞ የሚጠብቅ ተክል ነው። ይህ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ትልቅ ዕውቀት ነው። እሳቸው በሕይወት ቢኖሩና ሾኔ ቢመጡ፣ ከአንዲት እናት ጓሮ ገብተው መዝገባቸውን አውጥተው ይጽፉ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ጠያቂ ሰው ነበሩና።

ከእሳቸው በኋላ

ከእሳቸው በኋላ ሙያው እንደ ሻማ አንዴ በራ፣ አንዴ ደበዘዘ። «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. ሲጀመር ስለ አገር አስተዳደር የሚጽፉ ሰዎች መድረክ አገኙ። በደርግ ዘመን ብዕር በቅድመ ምርመራ ተያዘ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ወጥቶ የግል ጋዜጦች ሲበዙ፣ ስለ በጀት፣ ስለ ባንክና ስለ ውጭ ምንዛሪ በየሳምንቱ ማንበብ ተቻለ።

ከዚያ ዘመን አንድ ሰው ልጥቀስ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚ መምህር ፕሮፌሰር እሸቱ ጮሌ። እሳቸው ሒሳብ አዋቂም ገጣሚም ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበርን ካቋቋሙት አንዱ ናቸው። በ1985 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው ከተሰናበቱት ከ40 በላይ መምህራን መካከል ስማቸው ነበር። ሥራቸውን ቢያጡም ብዕራቸውን አላስቀመጡም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 እስኪያርፉ ድረስ ስለ አገሪቱ ድህነት መጻፍ ቀጠሉ። እንግዲህ ተንታኝነት እንጀራ የሚያሳጣ ሙያም እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ወደ ሾኔ እንመለስ

ዛሬ ተንታኝ የሚያስፈልገው የአዲስ አበባ ነጋዴ ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በዚህ አዳራሽ ልጁ፣ ወንድሙ ወይም የወንድሙ ልጅ ደቡብ አፍሪካ የሌለበት ስንት ሰው አለ? ከሐዲያና ከከምባታ ወደዚያ የሄዱ ወጣቶች የሚልኩት ገንዘብ ቤት ሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል፣ ለሐዲያ ዘመን መለወጫ ለያሆዴ በዓል ከብት ገዝቷል። ብዙ እናቶችንም አስለቅሷል፤ በመንገድ የቀረ አለ፣ በሱቁ ውስጥ በጥይት የተገደለ አለ። ስለዚህ የምንዛሪ ነገር እዚህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ተደሰተ። 200 ዶላር የሚላክለት ቤተሰብ ድሮ 11,400 ብር ያገኝ ነበር፤ በ100 ብር ሲመነዘር 20,000 ብር ሆነለት። ጥሩ ተንታኝ እዚህ ላይ ሳያቆም ቀጥሎ ይጠይቃል። ማዳበሪያው ከውጭ የሚገባ ነው፤ በስንት ሊገባ ነው? ዘይቱስ? ነዳጁስ፣ ከሾኔ ሐላባና ሶዶ የሚወስደው መኪና ታሪፍስ? ውጭ አገር ሰው የሌለው ጎረቤትህ ይህን ጭማሪ በምን ይከፍላል? የአንዱ ደስታ የሌላው ሸክም መሆኑን በአንድ ገጽ ሒሳብ ማሳየት፣ ያ ነው ሙያው።

ገና ብዙ የሚተነተን ይመጣል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅ ጸድቋል፤ በጥር ወር ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል። ነገ አንድ ሰው መጥቶ «አክሲዮን ግዙ» ይላችኋል። የሚያስረዳችሁ ሰው ከሌለ፣ ዕቁባችሁንና የላብ ገንዘባችሁን በወሬ ትሰጣላችሁ።

ተንታኝን በምን እንለካው?

ከነጋድራሱ ሕይወት ሦስት መለኪያ አውጥቻለሁ።

የመጀመሪያው፣ ሒሳቡን ያሳያል ወይ? «ኢኮኖሚው ተበላሽቷል» ወይም «ኢኮኖሚው አድጓል» ማለት ቀላል ነው። በስንት? ለማን? ከመቼ ጀምሮ? ይህን የማይመልስ ሰው ስሜቱን ነው የሚነግራችሁ።

ሁለተኛው፣ ለገዢውና ለተገዢው አንድ ቃል ይናገራል ወይ? ገብረ ሕይወት ነቀፋቸውን የጻፉት ለአልጋ ወራሹ እንዲደርስ አድርገው ነው። ከሹም ፊት ሲሆን የሚያለሰልስ፣ ከሕዝብ ፊት ሲሆን የሚያጋግል፣ ወይም የራሱ ወገን ሲያጠፋ ዝም የሚል ሰው ተንታኝ ሊባል አይገባውም። በተለይ ወጣቶች፣ ወንድምን በወንድም ላይ በማነሣሣት ተከታይ የሚያበዛውን ራቁት። ምክንያትን ትቶ ጠላት ብቻ የሚጠቁም ብዕር አገር አጥፍቷል።

ሦስተኛው፣ በሰሚው ቋንቋ ይናገራል ወይ? ገብረ ሕይወት ጀርመንኛ የሚያውቁ፣ ለአውሮፓ ሊቃውንት መጻፍ የሚችሉ ሰው ነበሩ። የመረጡት ግን ወገናቸው የሚያነበውን አማርኛ ነው። እዚህ ደግሞ ከአማርኛ ይልቅ ሐዲይሳ የሚቀርባቸው ብዙ እናቶችና አባቶች አሉን። ስለ ወለድ፣ ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ግብር በሐዲይሳ የሚያስረዳ ሰው እስኪኖረን ድረስ የገብረ ሕይወት ሥራ በሾኔ ገና አልተጀመረም። መምህራን፣ ይህ ድርሻ የእናንተ ነው።

ወገኖቼ፣ ገብረ ሕይወት በ33 ዓመታቸው ሄደዋል፤ መጽሐፋቸውም የታተመው ካለፉ በኋላ ነው። እኛ ግን አዋቂዎቻችንን በሕይወት እያሉ መስማት እንችላለን። በየዕድሩ ስብሰባ ከመዋጮው በፊት ግማሽ ሰዓት ስጡ፤ የተማረ ልጃችሁ አዲሱን አዋጅ ያንብብላችሁ፣ ያስረዳችሁ፣ እናንተም ጠይቁት።

ለእናንተ ለተማሪዎች አንድ አደራ አለኝ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ከእናታችሁ አጠገብ ተቀመጡ። ስንት ጣሳ እንደሸጡ፣ ስንት እፍኝ እንደመረቁ፣ በብሩ ምን እንደገዙ ጻፉ። ማታ ከምድጃው ዳር ሒሳቡን ደምሩና ለእሳቸው አንብቡላቸው።